ስዊችና ስታቢላይዘር ሲገጠሙ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጸሐፊ ኪቦርዷን በፌስታል ጠቅልላ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ወዳለችው የጥገና ክፍሌ መጣች። ማመልከቻና ውል እየጻፈች ነው የምትተዳደረው። ሜካኒካል ኪቦርዱን ከዱባይ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣላት። «ወንድሜ፣ ስዊቹ ሳይበላሽ አይቀርም፣ ስፔሱን በነካሁት ቁጥር ይንኳኳል፣ ማታ ቤቴ ገብቼም ድምፁ ጆሮዬ ላይ ነው» አለችኝ። አንድ ሰው ስዊቹን በሙሉ ቀይሪው ብሏታል። ለዚያ ብላ ገንዘብ ልትበደር ነበር። ስፔስ ባሩን ነቀልኩና ስዊቹን ብቻውን በጣቴ ተጫንኩት። ጸጥ ያለ፣ ጤነኛ ስዊች ነው። የሚንኳኳው ግራና ቀኙ ላይ ያለው ስታቢላይዘር ነበር።

ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ እሱ ነው። ሰው ስለ ስዊች ቀለምና ስለ ብራንድ ቪዲዮ ሲያይ ያድራል። ስዊቹና ስታቢላይዘሩ ምን ላይ፣ እንዴት እንደሚቀመጡ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ገንዘብ የሚባክነው ደግሞ እዚያ ጋ ነው።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። ስዊች ማለት ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለችው ስፕሪንግ ያላት ትንሽ ሳጥን ናት። ቦርድ የምለው የኤሌክትሪክ መስመሮቹ ያሉበትን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ፕሌት ደግሞ ከቦርዱ በላይ ያለው፣ ስዊቾቹን በቀዳዳዎቹ ጨምድዶ የሚይዘው ስስ ብረት ወይም ፕላስቲክ ነው። ስታቢላይዘር ሰፋፊ ቁልፎችን፣ ማለትም ስፔስን፣ ሁለቱን ሺፍት፣ ኢንተርንና ባክስፔስን፣ ዳር ስትነኳቸው እንዳያዘነብሉ ግራና ቀኙን በሽቦ የሚያገናኝ ነገር ነው።

እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ደግሞ እነዚህን ቁልፎች እንደበድባቸዋለን። በድምፅ በሚጻፈው የአማርኛ አጻጻፍ ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ መጫን አለ፣ ጠ እና ጨ ሲመጡ ሺፍት ይጨመራል፣ ስንሳሳት ባክስፔስ አለ። ስለዚህ ስታቢላይዘር ለእኛ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

«ቁልፉ ከተንኳኳ ስዊቹ ነው»

ፊደሎቹ ደህና ሆነው ስፔስና ኢንተር ብቻ የሚንኳኩ ከሆነ ስዊቹን ተዉት። በአብዛኛው ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው፤ ወይ የስታቢላይዘሩ ሽቦ ጫፎች ማረፊያቸው ውስጥ ደርቀው ይጋጫሉ፣ ወይ ሽቦው ራሱ ተጣሟል። የጸሐፊዋ ሁለቱም ነበረበት። ሽቦውን አውጥቼ የጠረጴዛዬ መስታወት ላይ አስተኛሁት። አንደኛው ጫፍ መስታወቱን ነካ፣ ሌላኛው ከፍ አለ፣ ከሥሩ የተጣጠፈ ደረሰኝ ሾልኮ አለፈ። «አየሽው?» አልኳት። ጎንበስ ብላ በአንድ ዓይኗ አየችውና «በዚች ነው እንዲህ የተሰቃየሁት?» አለች። በፒንሳ ቀስ እያልኩ፣ እየመለስኩ መስታወቱ ላይ እያስተኛሁ፣ አራት አምስት ጊዜ አቃናሁት። ዋናው ነገር ቀስ ማለቱ ነው፣ አንዴ በኃይል ከጠመዘዛችሁት ወደ ሌላኛው ወገን ይጣመማል።

ከዚያ ቅባት ነው። ለሽቦው ጫፍ ወፈር ያለ ዳይኤሌክትሪክ ግሪስ ጥሩ ነው፤ ይሄ የመኪና የካንዴላ ገመድ ጫፍ ላይ የሚቀባው ዓይነት ስለሆነ መለዋወጫ ቤት ጠይቁ። ለስታቢላይዘሩ የፕላስቲክ ግድግዳ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ክራይቶክስ 205 የሚባለውን ቅባት ነው፣ በቀጭን ብሩሽ፣ ሳስቶ። ቫዝሊን አትቀቡ። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ይሳሳል፣ ይፈሳል፣ አቧራውንም ይሰበስባል። ደብሊውዲ ፎርቲም ለዚህ አልተሠራም፣ ቀጭን ስለሆነ ብዙም አይቆይ፣ የነበረውን ቅባትም አጥቦ ይሄዳል። የምግብ ዘይት ቀብቶ የመጣልኝ ሰውም አለ፤ ዘይቱ ከርሞ እንደ ሙጫ ሆኖ ቁልፉ ሲጫኑት አልመለስ ብሎ ነበር።

«በብሎን የሚታሰረው ስታቢላይዘር ሁልጊዜ ይሻላል»

ይሄ ግማሽ እውነት ነው፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሸወድበት። ስታቢላይዘር በሦስት መንገድ ይቀመጣል። አንዱ ፕሌቱ ላይ ይነከሳል። ሁለተኛው ቦርዱ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይገባል። ሦስተኛው ቦርዱ ላይ በትንሽ ብሎን ይታሰራል። በብሎን የታሰረው አይላቀቅም፣ ስፔስ ባሩን ስትነቅሉ አብሮ ተነቅሎ አይመጣም፣ እውነት ነው። ግን ቦርዱ ላይ ለእሱ የተበሱ ቀዳዳዎች ከሌሉ ምንም ብትከፍሉ አይገባም። ረከስ ያሉ ኪቦርዶች ብዙዎቹ ፕሌቱ ላይ የሚነከሰውን ነው የሚይዙት። አንድ ልጅ በብሎን የሚታሰረውን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሲከፍተው ቦርዱ ድፍን ሆኖ አገኘው። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን አሁንም ይታወሰኛል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሰፊ ቁልፍ ንቀሉና እዩ። የስታቢላይዘሩ ቤት፣ ማለትም ሽቦውን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ ፕሌቱን ነክሶ ከተቀመጠ የእናንተ የፕሌት ነው። በፕሌቱ ሰፊ ቀዳዳ አልፎ ቦርዱ ላይ ካረፈ የቦርድ ነው። በቦርዱ ውስጥ ቀጭ ብሎ የሚገባውና በብሎን የሚታሰረው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ቀዳዳ ነው የሚጠቀሙት፣ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። ብሎን ስታስሩ ከብሎኑ ራስ ሥር የምትመጣዋን ትንሽ ሮንዴላ አትጣሏት፣ ብረቱ የቦርዱን መስመር እንዳይነካ የምትከላከለው እሷ ናት። በካቻቢቴም እስኪንቋቋ አታጥብቁ። የቦርዱን ውፍረትም አጣሩ። የተለመደው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1.2 የሆነ ካጋጠማችሁ ለ1.6 የተሠራው ልል ብሎ ይቀመጣል።

በደንብ የተቀባና ሽቦው የተቃና የፕሌት ስታቢላይዘር፣ ደረቅ ሆኖ ከታሰረ ውድ የብሎን ስታቢላይዘር ይበልጣል። የጸሐፊዋም የፕሌት ነበር። ምንም ሳይገዛ ዝም አለ።

«ባለ 5 እግር ስዊች ከባለ 3 እግር ይበልጣል»

እግር መቁጠር ለዋጋ መከራከሪያ ሆኗል። ግን ቀርባችሁ እዩት። በሁለቱም ዓይነት ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ብረቶች ሁለት ብቻ ናቸው። መሐል ላይ አንድ ወፍራም የፕላስቲክ ምሰሶ አለ፣ ያ ነው ሦስተኛው። ባለ 5 እግሩ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ እግሮች ይጨምራል፣ ሥራቸውም ስዊቹ ቦርዱ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማድረግ ነው። ፍጥነትም፣ ዕድሜም፣ ድምፅም አይጨምሩም። ፕሌት ካላችሁ ባለ 3 እግሩን ፕሌቱ ይይዘዋል። ፕሌት የሌለው ኪቦርድ ከሆነ ግን ባለ 5 እግር ግድ ነው፣ አለበለዚያ ስዊቹ ይንጋደዳል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ ስህተት አለ፦ «ቦርዴ የሚቀበለው ባለ 3 እግር ነው፣ የገዛሁት 5 ስለሆነ ከሰርኩ»። አልከሰራችሁም። ሁለቱን የፕላስቲክ እግሮች በጥፍር መቁረጫ ከሥራቸው ቁረጧቸው። ብረቶቹን እንዳትነኩ ብቻ። የተቆረጠ አይመለስም፣ ስለዚህ መጀመሪያ አንዱን ሞክሩ።

«ሆትስዋፕ ከሆነ ማንኛውም ስዊች ይገባል፣ ዝም ብሎ መጫን ነው»

በዚህ የተነሳ የሚመጣልኝ ሥራ ይበዛል። ሆትስዋፕ ማለት ስዊቹ አልተበየደም፣ ከቦርዱ ጀርባ ባለ ትንሽ ሶኬት ውስጥ ይሰካል ማለት ነው። ቼሪ የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኤምኤክስ ስዊች ቅርጽ እንደ መስፈርት ሆኖ ስለቀረ ጌትሮንም፣ ካይልም፣ ሌሎች ስዊች ሠሪዎችም ያንኑ አቀማመጥ ይከተላሉ። ግን ለየት ያሉ አሉ። ዝቅ ያለው የካይል ቾክ ስዊች እግሩ ሌላ ነው። በብርሃን የሚሠራው ኦፕቲካል ደግሞ ከእነዚህ ሶኬቶች ጋር ምንም አያገናኘውም። ገበያችን ላይ በብዛት የሚታየው ኦውቴሙ የተባለው ብራንድ ሶኬት ቀዳዳውም ጠበብ ስለሚል የሌሎቹን ወፈር ያለ እግር አይቀበልም። ኪቦርዱ ላይ «ሆትስዋፕ» ተብሎ ተጽፎ ስዊቹ እንቢ ካላችሁ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ።

መጫኑም ሥርዓት አለው። ስዊቹን ከማስገባታችሁ በፊት እግሮቹን በብርሃን እዩ። ትንሽ ከተጣመመ በወረንጦ አቅኑት። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከቦርዱ ጀርባ ሶኬቱን በሌላው እጃችሁ ጣት ደግፉ፣ ከዚያ ተጫኑ። ካልደገፋችሁ ሶኬቱ ከነብየዳው ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። ያኔ «ቀላል» የተባለው ኪቦርድ የመበየጃ ካውያ የሚፈልግ ይሆናል። ባለፈው አንድ ተማሪ «የኤል ቁልፍ ሞተብኝ» ብሎ አመጣልኝ። ስዊቹን ስነቅለው አንደኛው እግር እንደ ታጠፈ የስቴፕለር ሽቦ ከሆዱ ላይ ተለጥፎ ተኝቷል። አቃንቼ ስመልሰው ሠራ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

«ፕሌት ቀዳዳ ካለው ይበቃል»

ይሄኛው ራሳቸው መሥራት የሚወዱ ወጣቶች የሚወድቁበት ነው፣ እነሱን ደግሞ በጣም ነው የማከብራቸው። ደምበላ የሚኖር አንድ ልጅ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራ ቤት ሄዶ አክሪሊክ ፕሌት በሌዘር አስቆረጠ። ቀዳዳዎቹ 14 በ14 ሚሊ ሜትር፣ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ሌላው መሐል 19.05 ሚሊ ሜትር፤ ልኩ አንድም ስህተት የለበትም። ስዊቾቹ ግን አልያዙም፣ ኪካፕ (ጣት የሚያርፍበትን የቁልፉን ክዳን) ሲነቅል ስዊቹ አብሮ ይወጣል። ውፍረቱን ለካሁት። 3 ሚሊ ሜትር። የስዊቹ ጎን ላይ ያሉት ጥርሶች የተሠሩት 1.5 ሚሊ ሜትር ፕሌትን ሥር ገብተው እንዲነክሱ ነው። በ3 ሚሊ ሜትር ውስጥ የሚነክሱት ነገር አያገኙም፣ ግድግዳውን ይታከካሉ እንጂ። የፕሌት ስታቢላይዘርም እንዲሁ ነው።

አልጣልነውም። ቦርዱ ባለ 5 እግር የሚቀበል ስለነበር ባለ 5 እግር ስዊች አደረግን፣ በሊድ በየድነው፣ ስታቢላይዘሩንም ቦርዱ ላይ በብሎን አሰርን። ክብደቱን ሁሉ ቦርዱ ያዘ፣ አክሪሊኩ ስዊቾቹን አሰልፎ ማቆም ብቻ ሆነ ሥራው። እሱ ልጅ ሌላ ፕሌት ሲያስቆርጥ ከልኩ በፊት የሚጠይቀው ውፍረቱን ነው።

«የተበየደ ስዊች ከተበላሸ ኪቦርዱ አበቃ»

አላበቃም። ስልክ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት። ካውያ፣ ሊድና የሊድ መምጠጫ አለው፣ ሁለት ነጥብ ማላቀቅ ለእሱ የደቂቃ ሥራ ነው።

«ስታቢላይዘሩን በኋላም ማስገባት ይቻላል»

ይሄንን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ፣ ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት። ቦርድ ላይ የሚገባ ስታቢላይዘር ከፕሌቱም ከስዊቾቹም በፊት ነው የሚገባው። ፕሌቱ ከላይ ከተቀመጠና ስዊቾቹ ከተበየዱ በኋላ ቤቱን ለማውጣት ሁሉንም ማላቀቅ ይጠይቃል። 61 ቁልፍ ያለው ትንሽ ኪቦርድ እንኳ በሁለት ሁለት እግር 122 የብየዳ ነጥብ አለው። እኔ 122ቱን በይጄ፣ ኪካፑን ገጥሜ፣ ስፔሱን ስነካው ተንኳኳ። ሽቦውን መቀባት ረስቼ ነበር። አንድ ሙሉ እሑድ 122ቱን ነጥብ እየመጠጥኩ ሳላቅቅ ዋልኩ፣ ሁለቱ ላይ የቦርዱ መስመር ተላጠ፣ እነሱንም በቀጭን ሽቦ ማገናኘት ነበረብኝ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሽቦውን መስታወት ላይ አየዋለሁ። እቀባዋለሁ። የቦርድ ከሆነ ከሥሩ ቁራጭ የቁስል ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ ቤቱ ቦርዱን ሲመታ ያለዝበዋል። አስራለሁ። ከዚያ ፕሌቱን አስቀምጬ፣ ሰፋፊዎቹ ቁልፎች ላይ ብቻ ሳልበይድ ስዊች ሰክቼ፣ ኪካፕ ገጥሜ፣ ክፍሉን ዘግቼ ባጃጁ ሁሉ ካለፈ በኋላ ስፔሱን መሐሉን፣ ግራውን፣ ቀኙን እነካዋለሁ። ከሦስቱ አንዱ ከተንኳኳ እፈታዋለሁ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ሲሰጡኝ ነው ካውያውን የምሰካው።