ዶፋር፦ የኦማን ተራራና ባሕር

ዶፋር የኦማን ደቡባዊ ግዛት ነው። በምዕራብ የመን፣ በሰሜን ሳዑዲ ዓረቢያ ያዋስኑታል። ዋና ከተማው ሳላላ ከአገሪቱ መዲና ከሙስካት በመኪና 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በአውሮፕላን ግን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከተማው ጠባብ ሜዳ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ የዓረብ ባሕር፣ ጀርባው የቀራ ተራራ ነው። ከቀራ በስተምዕራብ የቀመር፣ በስተምሥራቅ የሰምሃን ተራሮች ይቀጥላሉ። ሜዳው ላይ ኮኮናት፣ ሙዝና ፓፓያ ይበቅላል። ዓረቢያን በአሸዋ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ራሱ ግር ያሰኛል።

ዶፋርን ዶፋር ያደረገው ኸሪፍ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ይቆያል፤ የእኛው ክረምት በሉት። የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የባሕሩን የላይ ውኃ ገፍቶ ይወስዳል። በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። እርጥቡ ነፋስ በዚህ ውኃ ላይ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጉሙ ሄዶ ተራራው ላይ ይደገፋል። ከላይ የበረሃው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ስለሚጫነው መውጫ የለውም። እናም ያካፋል። ዛፎቹም ጉሙን በቅጠላቸው እየያዙ ወደ ሥራቸው ያንጠባጥቡታል፤ ተራራውን አረንጓዴ የሚያደርገው ከዝናቡ ይልቅ ይሄ ነው። ከተራራው ጫፍ ጥቂት ወደ ሰሜን ሲሄዱ አረንጓዴው በቢላ እንደተቆረጠ ያልቃል፤ በረሃው ይጀምራል።

ሌላው የባሕረ ሰላጤ አገር ከ40 ዲግሪ በላይ ሲቀቀል ሳላላ ከ30 በታች ትውላለች። ስለዚህ ሰው ቤተሰቡን በመኪና ጭኖ ይመጣል። እርጥብ ሳር ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ካፊያ ይመታዋል። ጃንጥላ ምን ያደርግለታል? የመጣው ለካፊያው ነው። የአዲስ አበባን ሐምሌ ሸሽቶ ለሚሄድ አበሻ ግን ነገሩ ጉድ ነው። በዚህ ወቅት የሆቴል ዋጋ ስለሚንር ቀድሞ መያዝ ይሻላል። ተራራ ላይ ሲነዱ ደግሞ ቀስ ማለት ነው፤ ከጉሙ ውስጥ ድንገት ግመል ይወጣል፣ መንገዱንም ቶሎ አይለቅም።

ተራራው ላይ ከሚታዩት ቀዳሚው የደርባት ሸለቆ ነው። ዝናቡ በርከት ያለ ዓመት ወንዙ ከትልቅ ገደል ላይ ይወረወራል። በመንገድ ዳር ሥጋ በጋለ ድንጋይ ላይ ይጠበሳል፤ መዝቢ ይሉታል። የግመል ወተትም አለ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የወፎች ጉድጓድ የሚባለው ጣዊ አጢር አለ፤ ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው የተደረመሰ መሬት ነው። ከሰምሃን ጫፍ ደግሞ የባሕሩ ዳር ከእግር በታች ይታያል። የዓረቢያ ነብር ዛሬም እዚህ አለ፤ ጎብኚ ግን አያየውም።

እጣን ለብቻው መነገር አለበት። ዛፉ ጉሙ የሚደርስበትን ፊት አይወድም፤ ምርጡ ሖጀሪ የሚባለው እጣን የሚገኘው ከተራራው ጀርባ ካለው ደረቅ መሬት ነው። ለቃሚው ቅርፊቱን ይልጠዋል፣ ዛፉ ነጭ ወተት ያነባል፣ ሲደርቅ ይለቀማል። የመጀመሪያው ልጥ ብዙም አይፈለግም፤ ዋጋ ያለው የኋለኛው ነው። መላጫውን መንቀፍ ይሉታል። የእኛ የቆላ እጣን ለቃሚዎች ደግሞ ሚንጋፍ ይላሉ። ዛፉ ግን ከእኛው ጋር ዘመድ እንጂ አንድ አይደለም። በሳላላ የሐፋ ገበያ ሻጩ ከሰል ላይ ጣል አድርጎ ያሸትታችኋል። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀለም ያለውና ብርሃን የሚያሳልፈው ውድ ነው፤ ቡናማው ይረክሳል።

ዩኔስኮ በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ዛሬ የእጣን ምድር በሚለው ስም የሚታወቁትን አራት ቦታዎች መዝግቧል። ከነዚህ አንዱ፣ ማንም ፊደል የቆጠረ ሰው ሳያየው ሊመለስ የማይገባው፣ ሱምሁራም ነው። የደርባት ውኃ ወደ ባሕር በሚወርድበት በኾር ሮሪ፣ ከሳላላ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል። በዛሬዋ የመን የነበረው ጥንታዊው የሐድረሞት መንግሥት የሠራው የእጣን ወደብ ነው። ቀድሞ የ1ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ይመስል ነበር፤ የጣሊያን አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ግን ከክርስቶስ በፊት ወደ 3ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ አደረሱት። ስለ አዱሊስና ስለ አክሱም የሚተርከው ጥንታዊ የግሪክኛ የባሕር መምሪያ ሞስካ የሚለው ወደብ ይሄው እንደሆነ አብዛኞቹ ይስማማሉ።

በሩ ላይ በጥንቱ የደቡብ ዓረቢያ ፊደል ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ለ፣ በ፣ ወ፣ ተ፣ ክቡ ዐ ሁሉ እዚያ ናቸው። ካዕብና ሣልስ የለም፣ ንባቡም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ቃል ከቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ ሳይሆን በቀጥ ያለ መስመር ነው። ባታነቡትም ፊቱን ታውቁታላችሁ፤ የእኛ ፊደል የወጣው ከዚሁ ጽሕፈት ቤተሰብ ነው። ቦታውን የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት የሚሉ አስጎብኚዎች አሉ። ጽሑፎቹ ስለ እሷ አያነሱም። እኛም ንግሥቲቱን ለማንም አሳልፈን አንሰጥም።

ተራራው ላይ የሚነገረው ጅባሊ፣ ሌሎች ሸህሪ የሚሉት ቋንቋ፣ ዓረብኛ አይደለም። እንደ ግዕዝና እንደ አማርኛ ሴማዊ ሲሆን፣ እንደ እኛ ጠ እና ቀ ያሉ የሚፈነዱ ድምፆች አሉት። ሊቃውንት ንጉሡ ሠ በጥንት ጊዜ ነበረው የሚሉት ከምላስ ጎን የሚወጣ ድምፅም እዚያ በሕይወት አለ።

በመካከለኛው ዘመን ሳላላ ውስጥ የሚገኘው የአል በሊድ ወደብ ወደ ሕንድ ፈረስ ይልክ ነበር፤ ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታም ጎብኝቶታል። ብዙ ቆይቶ ደግሞ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዶፋር ውስጥ ጦርነት ነበር።

ተራራው ላይ የነቢዩ ኢዮብ፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ 30 ሜትር ያህል የሚረዝመው የነቢ ዒምራን መቃብር አለ። ለኢዮብ ሌሎች አገሮችም የየራሳቸውን መቃብር ያሳያሉ። ሴቶች ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ ሁሉም ጫማውን አውልቆ ይገባል።

ባሕሩ ኸሪፍ ሲሆን አይዋኝበትም፤ ማዕበሉ ይገድላል። ያኔ ደስ የሚለው ሙግሰይል ነው። ከሳላላ በስተምዕራብ ማዕበሉ ከአለቱ ሥር ገብቶ በቀዳዳው ወደ ሰማይ ይተፋል፤ መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ ውኃው። ለመዋኘት ከጥቅምት ወዲህ መሄድ ነው። ፋዘያ ነጭ አሸዋ አላት፣ ቁልቁለቷ ግን ጠንካራ መኪና ይፈልጋል። ሚርባት ለጠላቂዎች ናት። በዚያው ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ሰርዲን አሸዋ ላይ ዘርግተው ያደርቃሉ። ሽታው ከሩቅ ይቀበላችኋል። ግን የሰው ምግብ አይደለም፣ የግመል ቀለብ ነው።