ስለ ትልቅ የመርከብ ሞዴል ሥራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ትልቅ የጭነት መርከብ ሞዴል ከባዶ እሠራለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው “አይሆንም” የሚል መልስ ነው። የሚቀርቡለት ምክንያቶች አብዛኞቹ ልክ አይደሉም። ጀማሪውን ተስፋ የሚያስቆርጡት ግን እነሱው ናቸው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

“ባሕር የሌለን ሰዎች ከመርከብ ጋር ምን አገናኘን?”

ብዙ ነገር ያገናኘናል። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ የተቋቋመው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። አሰብን ካጣን በኋላም መርከቦቻችን መጓዛቸውን አላቆሙም። ቻይና ውስጥ ካሠራናቸው መካከል አሶሳ፣ ጅግጅጋ፣ ሐረርና ጋምቤላ የሚል ስም የወጣላቸው አሉ። እያንዳንዳቸው 28,000 ቶን ገደማ ይጭናሉ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ እዚሁ ለገሃር ነው። እንዲያውም የሌላ አገር መርከብ ከመሥራት ከእነዚህ አንዷን መምረጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

“ዕቃው ከውጭ ካልመጣ አይሠራም”

ይሄ ክፍሎቹ ተዘጋጅተው ለመገጣጠም ለሚሸጥ ሞዴል እንጂ ከባዶ ለሚሠራ አይሆንም። ለአጽሙ ኮምፖልሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) ይበቃል። መርካቶ ሞልቷል። ማስታወቂያ ቤቶች ፊደል ቆርጠው የሚተርፋቸው ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ ለመርከቧ ሠራተኞች መኖሪያ ክፍልና ለኮንቴይነሮቹ ግሩም ነው። ቀፎውን፣ ማለትም የመርከቧን ገላ፣ ለማለስለስ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ስቱኮ ይሆናል። ቀጫጭን የመዳብ ሽቦ ከፈለጋችሁ የተቃጠለ ሞተር ፈትታችሁ ታገኛላችሁ፤ ለእንዲህ ያለው ምናለሽ ተራ አለላችሁ።

“ጥሩ ፎቶ ካለ ይበቃል”

ከሁሉም በላይ ሥራ የሚያበላሸው ይሄኛው ነው። ፎቶ ከውሃ በላይ ያለውን ነው የሚያሳየው። የመርከብ ቁም ነገር ያለው ግን ከውሃ በታች ነው። የሚያስፈልገው የቀፎው የመስመር ንድፍ ነው። መርከቧ እንደ ዳቦ በየርቀቱ ብትቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚኖረው የሚያሳየው ሥዕል ማለት ነው። እነዚያ ቁራጮች ኮምፖልሳቶ ላይ ተገልብጠው ሲቆረጡ የመርከቧ ጎድኖች ይሆናሉ።

የጭነት መርከብ መሐል ላይ ሳጥን ነው ማለት ይቻላል። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ታቹ ጠፍጣፋ። ስለዚህ መሐል ላይ ያሉት ጎድኖች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሥራውም ፈጣን ነው። ፈተናው ጫፎቹ ላይ ነው። ፊት ለፊት ከውሃ በታች የሚወጣው ጉብ አለ። ኋላ ደግሞ ቀፎው ወደ ፕሮፔለሩ እየጠበበ ይሄዳል። እዚያ ጎድኖቹን አቀራርቡ።

ስቱኮው ከደረቀ በኋላ ብርጭቆ ወረቀቱን በጣት ይዛችሁ አትፈግፍጉ። ጣት ጎድጓዳውን ተከትሎ ይገባና የባሰ ያጎደጉደዋል። ረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፋችሁ በሰያፍ ሂዱበት። ከዚያ መብራት አጥፉና የስልክ ባትሪ በጎን አብሩበት። ቀን ላይ ያልታየው እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል። መዳፋችሁን ደግሞ ዓይን ጨፍናችሁ ከፊት ወደ ኋላ አሳልፉት፤ ዓይን ያለፈውን እጅ ያገኘዋል።

“ትልቅ ስለሆነ ዝርዝሩ ይቀላል”

ተቃራኒው ነው። በትንሽ ሞዴል ላይ ሊታለፍ የሚችለው ሁሉ በትልቁ ላይ ይታያል። በ1 ለ 100 ስኬል 1 ሜትር ከፍታ ያለው የመርከብ አጥር 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቧንቧው ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ይኖረዋል። በዚህ መጠን የጎኑ ቆርቆሮ እጥፋት ከሌለ ኮንቴይነር አይመስልም፤ የተቀባ እንጨት ነው የሚመስለው።

“1 ለ 100 ከሆነ ክብደቱም 100 ጊዜ ይቀንሳል”

ርዝመት በ100፣ ስፋት በ100፣ ጥልቀትም በ100 ስለሚካፈል ክብደት የሚካፈለው በ1,000,000 ነው። የእነአሶሳን 28,000 ቶን ጭነት ብንወስድ 28 ኪሎ ይሆናል። የመርከቧ የራሷ ክብደት ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። እንጨቱ ብቻውን ያን ያህል ስለማይመዝን ቀሪው በክብደት መሙያ ይሞላል፣ ያውም ከታች ወለሉ ላይ። ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሞዴሏ ትገለበጣለች።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች መንሳፈፍ ይለያል የሚሉም አሉ። አይለይም። ለውጥ የሚያመጣው የውሃው ጨው ነው። የባሕር ውሃ ከቧንቧ ውሃ 2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ባሕር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር የምትሰምጥ ሞዴል እዚህ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጨምራ ትሰምጣለች። እውነተኛ መርከብ ጎን ላይ ለባሕርና ለጨው አልባ ውሃ የተለያየ የጭነት መስመር የሚሰመረውም ለዚሁ ነው።

“ጠንካራ ሞተር ከተገጠመላት ያምርባታል”

አያምርባትም። በ15 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሄድ መርከብ በ1 ለ 100 ስትሠራ ፍጥነቷ በሰዓት 2.8 ኪሎ ሜትር ነው መሆን ያለበት። ፍጥነት የሚካፈለው በስኬሉ ሳይሆን በስኬሉ ካሬ ሥር ነው፤ የ100 ደግሞ 10 ነው። ይህን ሕግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሞዴል መርከቦች እየሞከረ ያሳየው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ ነው። ከዚህ ፍጥነት ስታልፍ ከፊቷ የሚነሳው ማዕበል የሞተር ጀልባ ያስመስላታል።

“ከታች ያለው ቀይ ቀለም ለውበት ነው”

መነሻው ውበት አይደለም። ቀፎው ላይ ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ የባሕር እንስሳትና አልጌ እንዳይጣበቁ የሚቀባው ቀለም ውስጥ የመዳብ ውሁድ ይገባል፤ ቅላቱ የመጣው ከዚያ ነው። ለሞዴል የትኛውም ቀይ ይሆናል፤ የሚያብረቀርቀውን ግን ተዉት። ከ100 ሜትር ርቀት የሚታይ መርከብ አያብለጨልጭም። ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቡና የሚያደላ ቀይ ምረጡ።