የላይ ጥርስ የሌለው በግ እና ሌሎች የበዓል ገበያ ወሬዎች

የፋሲካ ዋዜማ፣ ሾላ በግ ተራ። አንድ ወጣት የበጉን ከንፈር ገልጦ አየና ክው አለ። «እንዴ! የላይ ጥርሱ በሙሉ ወልቋል እኮ! ያረጀ በግ ልትሸጥልኝ ነው?» ነጋዴው ሳቁን ዋጠ። አጠገቤ የቆሙ አንድ አባት ግን አልቻሉም። «ልጄ፣ በግ የላይ የፊት ጥርስ ኖሮት ያውቃል?» አሉት።

እኔም ሳቅሁ። ሐቁን ለመናገር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ያው ነበርኩ። ከተሜ ስንባል በዓል ሲደርስ ነው ሁላችንም አዋቂ የምንሆነው። ያንን ቀን ከሰማሁት፣ ከዚያም ወዲህ ተሸውጄ ከተማርኩት ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

«የላይ ጥርስ ከሌለው አርጅቷል»

በግ፣ ፍየል፣ በሬ፣ ላም፣ በአጠቃላይ የሚያመሰኩት ከብቶች ከላይ በፊት በኩል ጥርስ የላቸውም። በቦታው ያለው ጠንካራ ድድ ነው። ዕድሜ የሚነበበው ከታችኛው መንጋጋ ነው። ግልገል 8 ትንንሽ የወተት ጥርሶች አሉት። ዓመት አለፍ ሲለው መሀል ያሉት ሁለቱ ይወልቁና ሰፋፊ ጥርሶች ይተካሉ። ከዚያ በየዓመቱ ገደማ ሁለት ሁለት እየተቀየረ፣ ወደ 4 ዓመት ሲጠጋ 8ቱም ትልልቅ ይሆናሉ። ስለዚህ ሁለት ወይም አራት ትልልቅ ጥርስ ያለው በግ ገና ወጣት ነው። ጥርሱ የተሸራረፈ፣ የሳሳ፣ የጎደለ ከሆነ ያኔ «አርጅቷል» ብላችሁ ተከራከሩ።

«ሆዱ ገፋ ያለ በግ ሥጋ አለው»

ሆዱ ውስጥ ያለው ውሃ ሊሆን ይችላል። ከገበያ በፊት ጨው አልሶ ውሃ ማጠጣት የቆየ ዘዴ ነው። ጸጉርም ያታልላል። የመንዝ በግ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከሩቅ ሲታይ ከራሱ በላይ ይገዝፋል።

ዓይናችሁን ተዉትና እጃችሁን ላኩ። ከጎድን አጥንቱ በስተኋላ ወገቡ ላይ መዳፋችሁን አሳርፉና ጫን አድርጉ። አከርካሪው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ በጉ ከሲታ ነው። ጣታችሁ ሥጋ ውስጥ ገብቶ አጥንቱን መፈለግ ካለበት ጥሩ ነው። ላቱንም ያዙት፣ ሞላ ብሎ ጠንከር ማለት አለበት። ያ ወጣት በመጨረሻ እንዲህ እየዳበሰ ሦስት በግ ጥሎ አራተኛውን ወሰደ። ሽማግሌው ምርቃት ጨመሩበት።

«ቀይ ዶሮ ይጣፍጣል»

ላባው ወጥ ውስጥ አይገባም። ቀይ አውራ ዶሮ ሁልጊዜ ፈላጊ ስላለው ለቀለሙ ትከፍላላችሁ እንጂ ለጣዕሙ አይደለም። ይልቅ ደረቱ መሀል ያለውን አጥንት ዳብሱ። እንደ ቢላ ስለት ከሆነ ሥጋ የለውም። አንገቱ ሥር ያለውን የእህል ከረጢትም ንኩት። ድንጋይ የመሰለ ከሆነ በቆሎ አጭቀውበታል፣ በዶሮ ዋጋ በቆሎ ልትገዙ ነው። እግሩ ላይ ያለው ተረከዝ መሳይ ሹል ጥፍር ረጅም ከሆነ ደግሞ ዶሮው ዕድሜ ጠገብ ነው። እንጨት ወይም ጋዝ አዘጋጁ፣ ቶሎ አይበስልም።

«እንቁላል ዋዜማ ላይ ትኩሱን መግዛት ነው»

ለጥብስ ከሆነ እሺ። ለዶሮ ወጥ ግን ተቃራኒው ነው። በጣም ትኩስ የሆነ እንቁላል ሲቀቀል ነጩ ከልጣጩ ጋር ተጣብቆ እየተቦጨቀ ያስለቅሳል። እንቁላል ሲቆይ ግን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ውስጡ ያለው ጋዝ ይወጣና ነጩ ከሽፋኑ በቀላሉ ይላቀቃል። በ12ቱ ብልት መካከል አሥራ ሁለት ለስላሳ እንቁላል ቁጭ እንዲል የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከሳምንት በፊት ገዝታችሁ አስቀምጡ። ይህን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፤ እኔ ወንፊት የመሰለ እንቁላል ካቀረብኩላት በኋላ።

የተበላሸ መሆኑን ለማወቅ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ተኝቶ ከሰጠመ ትኩስ ነው። ቁሞ ከሰጠመ ቆየት ብሏል፣ ለወጥ ደህና ነው። ከተንሳፈፈ መልሱት። አስኳሉ ደማቅ ቢጫ መሆኑም የሚነግራችሁ ዶሮዋ ምን እንደበላች እንጂ «የሀበሻ» መሆኗን አይደለም።

«ቢጫ ቅቤ ንጹሕ ነው፣ ነጭ ቅቤ የተቀላቀለ ነው»

በዚህ አመለካከት ብዙ ሰው ተበልቷል። የቅቤ ቢጫነት የሚመጣው ከሣር ነው። ላሟ ለምለም ስትግጥ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካሮቲን (ካሮትን ካሮት ያሰኘው ያው ቀለም) ወደ ወተቱ ስብ ይገባል። የዚያችው ላም ቅቤ መስከረም ላይ ቢጫ ሆኖ፣ መጋቢት ላይ ጭድና ድርቆሽ ስትበላ ይነጣል። ፋሲካ የሚመጣው ደግሞ በበጋው ማብቂያ ነው። ስለዚህ የፋሲካ ገበያ ላይ ወርቅ የመሰለ ቅቤ ሳይ እኔ ይልቅ እጠረጥራለሁ። እርድ ጠብ ማድረግ ለማን ይከብዳል?

ትንሽ ቆንጥራችሁ በመዳፋችሁ እሹት። ቅቤ በሰውነት ሙቀት ቶሎ ይቀልጣል። የሚረጋ የአትክልት ዘይት የተቀላቀለበት እንደ ሻማ ተለጥፎ ይቆያል። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ባይሆንም ከቀለሙ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሩብ ኪሎ ገዝቶ ቤት አንጥሮ ማየት ነው። ሲነጠር መጉደሉ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። የገጠር ቅቤ ውስጥ ምንጊዜም ውሃና አሬራ አለ።

«የሸኖ ለጋ» የሚለውንም እንይ። ሸኖ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ቅቤዋም እውነትም ስመ ጥር ነው። ግን በዓል በመጣ ቁጥር በእሷ ስም የሚሸጠው ሁሉ ከዚያ ቢመጣ ኖሮ፣ ሸኖ ውስጥ ላም እንጂ ሰው የሚቆምበት ቦታ አይገኝም ነበር።

«የረጋ ማር ስኳር ገብቶበታል»

ማር ራሱ ስኳር ነው። ግሉኮሱ በዛ ያለ ማር ሲቆይ፣ በተለይ በብርድ፣ ይረጋል። የትግራይ ነጭ ማር በዚህ ይታወቃል። ስለዚህ ረጋ ብሎ መጣል የለም። ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ይመለሳል። በክብሪት ለኩሶ መሞከርም ከንቱ ነው። ክብሪቱ የሚነግራችሁ እርጥበት መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ለጠጅ ከሆነ የምትገዙት ደግሞ ዋዜማ ላይ አትምጡ። አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ብላችሁ ብትጥሉትም፣ ጌሾው ሥራውን የሚጨርሰው በሳምንታት ነው።

«ትልልቁ ሽንኩርት ይሻላል»

ለመላጥ ይሻላል። ለቁሌት ግን ትንንሹ የሀበሻ ሽንኩርት ውሃው ስለሚያንስ ወጡ ቶሎ ይወፍራል። ለአንድ ዶሮ ሦስት ኪሎ ለምትከትፉ እናቶች ይህን መናገር ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።

«ሚዛኑ ዲጂታል ነው፣ አይዋሽም»

ቁጥሩ ይበራል እንጂ ያስተካከለው ሰው ነው። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ያልተከፈተ የ1 ሊትር ውሃ እይዛለሁ። ውሃው ልክ 1 ኪሎ ነው፣ ላስቲኩ ጥቂት ግራም ይጨምራል። ሚዛኑ ላይ «ላንዴ ላሳርፈው» ብዬ አስቀምጠዋለሁ። አንዴ 1 ኪሎ ከ150 አነበበ። ነጋዴዋ ውሃውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «ወንድሜ፣ ጨመር አደርግልሃለሁ» አለች። ጨመረችልኝም።

«ሁሉም ነገር መርካቶ ይረክሳል፣ አትክልት ደግሞ ፒያሳ»

መርካቶ የሚረክሰው በብዛት ለሚገዛ ነው። አንድ ኪሎ በርበሬና ሁለት ዘይት ለመግዛት ታክሲ፣ ተሸካሚና ግማሽ ቀን ከከፈላችሁ ሒሳቡን እንደገና ሥሩ። የሰፈር እሁድ ገበያና የሸማቾች ማኅበር ሱቆች ብዙ ጊዜ ይሻላሉ። አትክልት ተራ ደግሞ ፒያሳ የለም። በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተነሣ፣ ቀጥሎም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ከዋሽንግተን ለፋሲካ የመጣች ዘመዴ ዘንቢል ይዛ ድሮ ቦታው ድረስ ሄዳ ተመልሳለች።

«ሽሮ ሜዳ የተሸጠ ሁሉ የሸማኔ ሥራ ነው»

ሽሮ ሜዳ እንጦጦ ግርጌ የዶርዜ ሸማኔዎች ያደመቁት ሰፈር ነው። ዛሬ ግን ከእነሱ ሥራ ጎን የፋብሪካ ጨርቅ ላይ ጥለት የታተመበት ቀሚስም ተሰቅሏል። ርካሽ ነው፣ ለልጅ ወይም ለአንድ ቀን ከሆነ ምንም ነውር የለውም። ነውሩ በሸማኔ ዋጋ መግዛቱ ነው። መለያው ጀርባው ነው። በእጅ የተሠራ ጥለት ገልበጥ ሲደረግ ክሩ ይታያል፣ አንዳንዴም ቋጠሮው። የታተመው በጀርባው የደበዘዘ ቀለም ብቻ ነው።

አምና ለእናቴ በስጦታ ቀሚስ ገዛሁ። ፊቱን በደንብ አይቼ፣ ተከራክሬ፣ በሚያምር ወረቀት አስጠቅልዬ። ጠዋት ላይ ከፈተችው፣ «ተባረክ ልጄ» አለችና ጫፉን ያዝ አድርጋ ገለበጠችው። ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ አጣጠፈችውና «ስንት አሉህ?» አለችኝ።