ከለር ዶፕለር ምንድን ነው? ቀይ ማለት ደም ቅዳ አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የጤነኛ ውሻ የሆድ አልትራሳውንድ ምስል እያሳየ «ቀዩ ደም ቅዳ፣ ሰማያዊው ደም መልስ» አለ። ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ቀለሙን ያመጣው ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነው፤ መሣሪያው ግን ያን መጽሐፍ አላነበበም።

ከለር ዶፕለር የአልትራሳውንድ መሣሪያው የሚፈስ ደምን በቀለም የሚያሳይበት ዘዴ ነው። የሚጠይቀው ደሙ ወደ መመርመሪያው እየመጣ ነው ወይስ እየራቀ ብሎ ነው። በተለመደው አሠራር የሚመጣውን ቀይ፣ የሚርቀውን ሰማያዊ ይቀባል፤ አንድ ቁልፍ ከተጫኑ ይገለበጣል። (ስሙን የሰጠው የፊዚክስ ሊቅ ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ሐሳቡን ያቀረበው ስለ ከዋክብት ብርሃን ነበር። በሥነ ፈለክ ወደ ቀይ የሚያደላው የሚርቀው ነው፤ የእኛ ተቃራኒ መሆኑ ነገሩን አላቀለለውም።)

ልብን ቤት እንበለው። ደም ቅዳ ወደ ሥራ የሚወጣው፣ ደም መልስ ወደ ቤቱ የሚገባው ሰው ነው። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ወደ እኔ ለሚመጣ ሁሉ ቀይ ካፖርት አለብሳለሁ፤ ከሥራ ይምጣ ከቤት አልጠይቀውም። ወደ ሌላኛው ጫፍ ከተሻገርኩ ያው ሰው ሰማያዊ ለባሽ ይሆናል። በፊቴ አግድም የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ሲመጣ ቀይ፣ ሲሄድ ሰማያዊ፣ ልክ ፊት ለፊቴ ሲደርስ አይመጣም አይርቅምና ራቁቱን፣ ማለትም ያለ ቀለም ነው። የውሻ አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ) መሃሉ ጠቁሮ ሲታይ «ተዘግቷል» ብሎ መደንገጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ደም ቅዳን ከደም መልስ ለመለየት መሣሪያው የደሙን ፍጥነት የሚስልበትን ሞገድ ቅርጽ ማየት ያስፈልጋል። የአኦርታ ሞገድ በእያንዳንዱ የልብ ምት ሾሎ ይወጣል፤ ወደ ጉበት የሚገባው ትልቁ ደም መልስ ከትንፋሽ ጋር በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይሾልም።

ፍጥነት ሲለካ ደግሞ ማዕዘኑ ጉድ ይሠራል። የአልትራሳውንዱ ጨረርና የደም ሥሩ በ20 ዲግሪ ሲገናኙ የ5 ዲግሪ ስህተት ፍጥነቱን በ4 በመቶ ገደማ ያዛባል፤ በ60 ዲግሪ ያው ስህተት 18 በመቶ ገደማ ያደርሳል። ከ60 በላይ የተለካ ቁጥር ሲያመጡልኝ አላነበውም።

«ጤነኛ» የሚለው ቃልም ያሳስበኛል። የጤነኛ ውሻ ልብ ከትንፋሹ ጋር ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ ስለዚህ በአንድ ምት ብቻ አልለካም። በዛይላዚን (የእንስሳት ማረጋጊያ መድኃኒት) የተረጋጋ ውሻ ደግሞ ልቡ ዘግይቶ የሚረጨው ደም ስለሚቀንስ፣ ቁጥሩ የነቃ ውሻ መለኪያ አይሆንም። እኔ ጸጉሩን ላጭቼ፣ ጄሉን ቀብቼ፣ ባለቤቱ ጆሮውን እያሻሸለት ማለክለኩ እስኪበርድ መጠበቅን እመርጣለሁ።