ጥሪኝና ዝባድ በጅማ፦ የአንድ ጥንታዊ ንግድ ታሪክና የእንስሳው ስቃይ

ጅማ ሲባል መጀመሪያ ቡና ነው የሚታወሰው። ልክ ነው። ነገር ግን ቡና በብዛት ወደ ውጭ መላክ ሳይጀምር ከዚህ አካባቢ በነጋዴ ጭነት ሩቅ አገር ይደርስ የነበረ ሌላ ውድ ዕቃ ነበር፤ እሱም ጥሪኝ ከሚባል የዱር እንስሳ የሚወጣው፣ ለሽቶ የሚያገለግለው ዝባድ ነው። ስለ ዝባድ ሽታና ዋጋ ብዙ ተብሏል። ዝባዱን ስለሚሰጠው እንስሳ፣ ስለ አያያዙና አያያዙን ለመለወጥ ስለተደረገው ጥረት ግን በአማርኛ ተሰብስቦ የሚገኝ ነገር እምብዛም የለም። ስለዚህ እዚህ ላይ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

ጥሪኝ ድመት አይደለም። "የዝባድ ድመት" የሚሉት ቢኖሩም ወገኑ ሌላ ነው። ሲያድግ እስከ 20 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ግራጫ መልክ ላይ ጥቁር ነጠብጣብና መስመር አለው፤ ሲደነግጥ የጀርባው ጸጉር ይቆማል። የሌሊት እንስሳ ነው፤ ብቻውን ይኖራል። አይጥ፣ ነፍሳት፣ ፍራፍሬ፣ የበሰለ የቡና ፍሬም ይበላል። የዋጠውን ዘር ከእዳሪው ጋር ጫካ ውስጥ ይበትናል። የቡና አገር ለሆነው ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዝባዱ የሚወጣው ጅራቱ ሥር ካለ ዕጢ ነው። ጫካ ውስጥ ሲኖር ዛፍና ድንጋይ ላይ እየቀባ ክልሉን ያመለክትበታል።

ንግዱ መቼ እንደተጀመረ ሲወራ ንግሥተ ሳባን የሚያነሱ አሉ። ይህ ትውፊት ነው። በጽሑፍ በደንብ የሚታወቀው በደቡብ ምዕራብ ከነበሩት ከእናርያና ከከፋ መንግሥታት የሚመጣው ዝባድ በጎንደር ዘመን ወደ ሰሜን ይሄድ እንደነበር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጅማ መንግሥት ሲጠናከር ደግሞ አሁን ጅማ ከተማ ባለችበት ቦታ የነበረው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ካሉት ገበያዎች ሁሉ ስሙ የገነነ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ነጋዴን በመጠበቅ የሚመሰገኑ ንጉሥ ነበሩ፤ ከሩቅ የመጣ ሲራራ ነጋዴም ተከብሮ ይስተናገድ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሸጥ ነበር። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ዝባዱ በበሬ ቀንድ ተሞልቶ፣ አፉ ተደፍኖ፣ በበቅሎ ይጫናል። ዋጋው የሚቆረጠው በወቄት፣ ማለትም በድሮው ትንሽ የክብደት መለኪያ፣ ነበር። ቅቤ ቀላቅሎ የሚሸጥ አታላይ ስለማይጠፋ ገዢው ሳያሸትና በጣቱ ሳያሽ አይገዛም። በጣሊያን ጊዜም ንግዱ አልቆመም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በባህላዊው አያያዝ የሚፈለገው ወንዱ ጥሪኝ ብቻ ነው። በግዞት ውስጥ እንደ በግ ስለማያራቡት ሁሌም በወጥመድ ከጫካ ይያዛል። አንዱ ሲሞት ሌላ ይታደናል ማለት ነው። የሚገባበት ማጎሪያ ከእንጨት የተሠራ፣ ረጅምና ጠባብ ነው። ሆን ተብሎ ነው የጠበበው፤ እንስሳው እንዳይዞርና እንዳይናከስ። ማጎሪያዎቹ የሚደረደሩት መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ ሲሆን እሳት ቀንና ሌሊት ይነድዳል፣ ጭሱም አይጠፋም። ሙቀቱ ዝባድ ያበዛል ተብሎ ይታመናል። በየዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ቀኑ ሰዎች ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን በማጎሪያው እንጨቶች መካከል አውጥተው ይይዙታል፤ አንዱ ዕጢውን ከፍቶ በቀንድ ማንኪያ ይፍቃል። በአንድ ጊዜ ተፍቆ የሚገኘው በግራም የሚቆጠር ነው። እንስሳው ያጓራል፣ ይታገላል። ዕጢው የቆሰለ፣ ጥርሱ እንጨት በመንከስ የተሰበረ ጥሪኝ ብርቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ አርቢዎቹ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ጨካኞች ተደርገው ሲሳሉ አይቻለሁ፤ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ብዙዎቹ ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ ሙስሊም ገበሬዎች ናቸው። ለጥሪኛቸው ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ገንፎ ያበሉታል፤ አንዳንዴ ቤተሰቡ ከሚበላው የተሻለ ነው የሚሰጡት። የሰው ዓይን እንዳይበላው ብለው እንግዳ አያስገቡም። ለዚህም ነው የጎጆው ውስጥ ሁኔታ ለዘመናት ከውጭ ሰው ዓይን የራቀው። በእስልምና ድመትን አስራ በረሃብ የገደለች ሴት እንደተቀጣች የሚናገር ሐዲስ አለ፤ እዚህ አገር የማያውቀው የለም። እንግዲህ የርኅራኄው ትምህርት አለ፣ ምግቡም አለ። የሚጎዳው ማጎሪያው፣ ጭሱና አፋፋቁ ነው።

በዓለም ደረጃ እንስሳን ከጭካኔ የሚከላከል ሕግ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1822 ወጣ፤ የመጀመሪያው ማኅበር ደግሞ በ1824 ለንደን ተቋቋመ። ጉዳዩ ከብትንና የጋሪ ፈረስን የሚመለከት ነበር። ሽቶ ውስጥ ስላለው ዝባድ ያኔ ማንም አልጠየቀም።

ንግዱን መጀመሪያ ያናጋው ኬሚስትሪ ነው። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባድን ዋና ሽታ የሚሰጠውን፣ ሲቬቶን የተባለውን ንጥረ ነገር አወቃቀር አወቀ፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሰው ሠራሹ ምትክ ከዚያ በኋላ እየረከሰ መጣ። ሆኖም የፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ ከኢትዮጵያ መግዛታቸውን አላቆሙም፤ በዓመት ወደ 1,000 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ይላክ እንደነበር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የዓለም የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር የኢትዮጵያን ጥሪኝ አያያዝ የሚያጋልጥ ዘመቻ ከፈተ። ከተያዙት ጥሪኞች 40 በመቶ የሚጠጉት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ይሞታሉ አለ። የፈረንሳዩ ሽቶ ሠሪ ሻኔል ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ሠራሽ ምትክ እንደሚጠቀም አስታውቋል። ገበያው ወረደ። ጉዳቱም በቀጥታ አርቢው ላይ አረፈ፤ ዘመቻው ስለ ገበሬው መተዳደሪያ ብዙም አልተጨነቀም፤ ይህ በእኔ እምነት ትልቅ ጉድለቱ ነው።

በአገር ውስጥ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ። የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ተቋቋመ (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። ጥሪኝ የዱር እንስሳ ስለሆነ ጉዳዩ በዱር እንስሳት ሕግ ሥር ነው የሚታየው። ባለሙያዎች የሚመክሩት ግልጽ ነው፦ እንስሳው የሚዞርበት ሰፊ ቤት፣ ጭስ የሌለበት አየር፣ ንጽሕና፣ የአፋፋቁን ጊዜ ማራራቅ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ከተከፈተ የእርሻ ትምህርት ቤት የበቀለው የከተማችን ኩራት፣ ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ ቅርብ ነው።

ሌላው መንገድ ጥሪኙን ጨርሶ አለመያዝ ነው። ጥሪኝ ተመላልሶ የሚቀባቸው ዛፎች ስላሉት ዝባዱን ከግንዱ ላይ መሰብሰብ ይቻላል፤ ተመራማሪዎችም ሐሳቡን አቅርበውታል። የሚገኘው ጥቂት ነው፣ ቅርፊትና አቧራ ይቀላቀልበታል፣ ማጣራት ይጠይቃል። ደግሞም የሚያዋጣው "ከጫካ የተለቀመ" ለሚለው ዝባድ የተሻለ የሚከፍል ገዢ ሲኖርና የቡናው ጫካ ሳይመነጠር ሲቆይ ነው።