ጽጌረዳ ከእርሻ እስከ ሳሎን፦ የተቆረጠ አበባ አያያዝ

የተቆረጠ ጽጌረዳ በደንብ ከተያዘ ከ7 እስከ 12 ቀን ይሰነብታል። ካልተያዘ በ3ኛው ቀን አንገቱን ይደፋል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ዝርያው፣ ቅዝቃዜና ንጹህ ውሃ።

አገራችን የራሷ የዱር ጽጌረዳ አላት። ቀጋ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። ነጭ አበባ ያወጣል፤ ቀዩን ፍሬውን እረኞች እየለቀሙ ይበላሉ። ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው ጽጌረዳ እንደሆነ ይነገራል። ለአበባ ማስቀመጫ ግን አይሆንም፤ ቶሎ ይረግፋል። ገበያ ላይ የምናየው ከውጭ የመጣና ለንግድ የተዳቀለ ዝርያ ነው።

በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ለአውሮፓ አበባ ይልኩ ነበር። የግል አምራቾች ወደ ሥራው የገቡት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ነው። በ2002 የአምራች ላኪዎች ማኅበር ተቋቋመ። በ2005 ሸር የተባለው የሆላንድ አበባ አምራች ኩባንያ ዝዋይ ላይ፣ በዛሬዋ ባቱ፣ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ዘርፉ በአጭር ጊዜ ተመነደገ። ዛሬ ኢትዮጵያ በአበባ ኤክስፖርት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ይህ ቀላል ስኬት አይደለም። ሆኖም በዝዋይ ሐይቅ ውሃና በኬሚካል አጠቃቀም ላይ ቅሬታ የሚያነሱ ነዋሪዎችና አጥኚዎች አሉ። አምራቾች በበኩላቸው በጠብታ መስኖ ውሃ እንደሚቆጥቡ ይናገራሉ።

ከፍታው ለአበባው ትልቅ ነገር ነው። እንደ ሆለታ ባለ ደጋ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እምቡጡ ቀስ ብሎ ያድጋል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ዘንጉም ረጅምና ጠንካራ ይሆናል። ሞቅ ባለው በዝዋይ ቶሎ ይደርሳል፣ ምርቱም ይበዛል፤ ጭንቅላቱ ግን አነስ ይላል።

አበባው የሚቆረጠው በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ከእምቡጡ ሥር ያሉት ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ወደ ታች ተገልብጠው የውጪዎቹ ፔታሎች (ባለ ቀለሞቹ የአበባው ቅጠሎች) ገና ላላ ሲሉ፣ ያኔ ነው ሰዓቱ። ቀድሞ ከተቆረጠ ሳይፈነዳ ይደርቃል። ከዘገየ መንገድ ላይ ይፈነዳል። ቆራጮቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ወዲያው ባልዲ ውሃ ውስጥ ያቆሙታል። ከዚያ ኮልድ ሩም (ማቀዝቀዣ ክፍል) ይገባል። ፓክ ሃውስ (ማሸጊያ ቤት) ውስጥ በዘንጉ ርዝመት ይለያል፦ 40፣ 50፣ 60 ሴንቲ ሜትር እያለ ይሄዳል። ታስሮ በካርቶን ይጠቀለልና ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ቦሌ ይደርሳል። ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከቦታ ቦታ ሳይቋረጥ መጠበቅ አለበት። በሆላንድ አልስሜር ጨረታ ላይ ዋጋው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ቀድሞ ያስቆመ ገዢ ይወስደዋል። እዚያ ድረስ ትኩስ ሆኖ የሚደርስ አበባ አገር ውስጥ በ3 ቀን የሚሞትበት ምክንያት የለም።

ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ውሃ ውስጥ ቆሞ ውሃ አጥቶ ነው። በዘንጉ ውስጥ ቀጫጭን የውሃ ቱቦዎች አሉ። ሲቆረጥ አየር ይገባባቸዋል። ውሃው ውስጥ የሚባዙት ባክቴሪያዎች ደግሞ ይደፍኗቸዋል። የቆየ አበባ ማስቀመጫ ውስጡን በጣት ብትነኩት የሚያሙለጨልጨው ነገር የባክቴሪያ ክምችት ነው። በዚህ ጊዜ ከአበባው በታች ያለው ለስላሳ አንገት ይዝላል፣ እምቡጡም ይደፋል።

እቤት ሲገባ መጀመሪያ ማስቀመጫው በሳሙና ይታጠብ። ዘንጉ በስለታም ቢላዋ ወይም መቀስ ከጫፉ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይቆረጥ፣ ሰያፍ ቢሆን ጥሩ ነው። የደነዘ መቀስ ዘንጉን ጨፍልቆ ቱቦዎቹን ይዘጋል። ሳፋ ውስጥ ከውሃ በታች ቢቆረጥ ይበልጥ ይመረጣል፤ ከአየር ይልቅ ውሃ ይገባል። ውሃ ውስጥ የሚገባ ቅጠል በሙሉ ይነቀል፣ ይበሰብሳልና። ለብ ያለ ውሃ ከቀዝቃዛ ይልቅ ቶሎ ይሳባል። ውሃው በየ2 ቀኑ ሲቀየር ጫፉም አብሮ ትንሽ ይቆረጥ።

ከአበባው ጋር የሚሰጠው የዱቄት ፓኬት ሦስት ነገር ይዟል፦ ስኳር፣ አሲድና ባክቴሪያ የሚገድል ነገር። ከሌለ እቤት ማዘጋጀት ይቻላል። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ በረኪና ይበቃል። ውሃው ይቅደም፤ በረኪናና ሎሚ ሳይበረዙ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ። ስኳር ብቻውን መጨመር ስህተት ነው። ባክቴሪያውን መቀለብ ነው።

አስፕሪን ወይም የመዳብ ሳንቲም መጨመር የድሮ ልማድ ነው። አስፕሪን ውሃውን አሲዳማ ስለሚያደርግ ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ውጤቱ ግን ወጥ አይደለም። የሳንቲሙ ነገር ብዙም አያስተማምንም።

ቦታውም ወሳኝ ነው። መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ፣ ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ አናት ላይ አይቀመጥ። ከሙዝ ሳህንም ይራቅ፤ የሚበስል ፍራፍሬ የሚለቀው ኤቲሊን ጋዝ አበባን ያስረጃል። አዲስ አበባ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማታ ማታ ወደ ኮሪደር ማውጣት ብቻውን ዕድሜውን ያራዝመዋል።

አንገቱን የደፋ ጽጌረዳ ወዲያው አይጣል። ጫፉን ቆርጦ፣ ሙሉውን ከነጭንቅላቱ ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ማጋደም ነው። ከግማሽ እስከ 1 ሰዓት ይቆይ። ብዙውን ጊዜ አንገቱ ተመልሶ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ንጹህ ውሃ ውስጥ ይቁም። ካልቀና ከሌሎቹ ይለይ፤ የሚጠወልግ አበባም ኤቲሊን ይለቃልና።