ጂኖም መገጣጠም ምንድን ነው?

ጂኖም የአንድ ፍጡር ሙሉ ዲኤንኤ ነው፤ ክሮሞሶም በሚባሉ ረጃጅም ክሮች ተከፋፍሎ ይገኛል። የአንድን እንስሳ ክሮሞሶም ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ የሚያነብ ማሽን እስካሁን የለም። ማሽኖቹ የሚሰጡን ቁርጥራጭ ነው፤ ያውም በሚሊዮን የሚቆጠር። እነዚህን ቁርጥራጮች ጫፍ ለጫፍ እያስተያዩ ወደ ሙሉ ክሮሞሶም መመለስ ጂኖም መገጣጠም፣ ወይም በተለምዶ ጂኖም አሰምብሊ ይባላል።

ችግሩ ድግግሞሽ ነው። በእንስሳት ጂኖም ውስጥ አንድ ዓይነት የዲኤንኤ ፊደላት ቅደም ተከተል ደጋግሞ ይመጣል። በሰፊው የተለመዱት ማሽኖች በአንዴ የሚያነቡት 150 ያህል ፊደል ብቻ ነው። ድግግሞሹ ከዚያ ከረዘመ፣ ቁርጥራጩ የየትኛው ቦታ እንደሆነ አይታወቅም። የሰው ጂኖም ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2003 ተጠናቀቀ ቢባልም፣ ሳይነበብ የቀረው 8 በመቶ ያህል ክፍል የተሞላው በ2022 ነው።

ለውጡን ያመጡት ረጅም ንባቦች ናቸው። ሃይፋይ የሚባለው ንባብ 15,000 ያህል ፊደል ይዞ ይመጣል፤ ትክክለኛነቱም ከ99.9 በመቶ በላይ ነው። ሃይሲ የሚባለው ዳታ ደግሞ በሴሉ ውስጥ የትኛው ዲኤንኤ ከየትኛው ጋር ተጠጋግቶ እንደነበር ያሳያል። ቁርጥራጮቹ በክሮሞሶም ላይ የሚደረደሩት በዚህ ፍንጭ ነው። አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ እንስሳው ከእናቱም ከአባቱም አንድ አንድ ቅጂ ወርሷል። ሁለቱ ካልተለዩ፣ አንድ ጂን ሁለት ቦታ ያለ መስሎ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሁለት ተመራማሪዎች ከአንድ ዓይነት ዳታ ተነስተው የተለያየ ጂኖም ሊያወጡ ይችላሉ። የሶፍትዌሩ ቨርዥን ወይም አንዲት ሴቲንግ መለየቷ ይበቃል። ሥራው ራሱ ከ100 ጊጋባይት በላይ ራም ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ትልቅ ኮምፒውተር የሌለው ቤተ ሙከራ ከነጭራሹ አይሞክረውም። ይሄ ያሳዝነኛል። እንስሳውን ለዓመታት ያጠናው ሰው ጂኖሙን ሌላ እንዲሠራለት መጠበቅ የለበትም።

ጋላክሲ የተባለው ነፃ መድረክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ሥራው በብሮውዘር ይካሄዳል፤ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። እያንዳንዱ እርምጃ ከነቨርዥኑና ከነሴቲንጉ ይመዘገባል። ወደ 70,000 የሚጠጉ የጀርባ አጥንት ያላቸው የእንስሳት ዝርያዎችን ጂኖም ለመገጣጠም የተነሳው የቨርተብሬት ጂኖምስ ፕሮጀክት የሥራ ሂደቱን እዚያ ላይ አስቀምጦታል። ማንም ወስዶ በራሱ ዳታ ላይ ማስኬድ ይችላል።

ጥራቱስ? ፕሮጀክቱ ካስቀመጣቸው መመዘኛዎች አንዱ በ10,000 ፊደል ከአንድ ስህተት እንዳይበልጥ ነው። በተዛማጅ ዝርያዎች ዘንድ የማይጠፉ ጂኖች በተገጣጠመው ጂኖም ውስጥ መኖራቸውም ይፈተሻል።

በመጨረሻ ሰው ቁጭ ብሎ ከሃይሲው ዳታ የተሳለውን ካርታ በዓይኑ ያያል። ተገልብጦ የገባን ቁራጭ ያዞራል፣ ያለቦታው የተለጠፈውን ይነቅላል። ያ ውሳኔም እንደሌላው እርምጃ ሁሉ መመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ ቀጣዩ ተመራማሪ ቁራጩ ለምን እንደዞረ አያውቅም።